ሪሜኩ መጣ ተብሎ አሮጌው አይጣልም፦ ስለ ፋይናል ፋንታሲ 7 ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ላከልኝ። ከሥሩ «ጋሼ፣ እና አንተ የነገርከኝ ሁሉ ስህተት ነው?» ብሎ ጽፎበታል። በማግስቱ ያው ጽሑፍ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ መጣልኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እዚህ አዳማ ጌም ቤት አብረን ካደግን ልጆች ሁለቱ ላኩልኝ። ብዙ ሰው እንደተቀባበለው ያኔ ገባኝ። ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጽሑፉ ስለ ፋይናል ፋንታሲ 7 ነው። የጃፓኑ ስኩዌር እ.ኤ.አ. በ1997 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ያወጣው ጌም ማለት ነው። ይኸው ጌም በ2020 ለፕሌይስቴሽን 4 እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጥቷል፤ ሪሜክ የሚባለው ይህ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አወዳድረው አንድ ፍርድ ሰጥተዋል። ሪሜኩ እያለ አሮጌውን መጫወት ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ።

ምክንያቶቻቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የአሮጌው ምስል ለዛሬ ዓይን አይሆንም። ውጊያው ተራ እየጠበቁ መቆም ነው። በየመንገዱ ድንገት የሚመጡት ጠላቶች ያሰለቻሉ። የሰው ድምፅ የለውም፣ እንግሊዝኛውም ይበዛል፤ ለእኛ ሀገር ልጅ ይከብዳል። ታሪኩን ሪሜኩ ሙሉ አድርጎ፣ ያውም አስፍቶ ይነግራችኋል። አሮጌውን የሚያወድሱት ደግሞ ጌሙን ሳይሆን ልጅነታቸውን ነው የሚወዱት። በመጨረሻም ዛሬ ፕሌይስቴሽን በየሰፈሩ ስላለ አሮጌውን ለመምረጥ ሰበብ የለም ይላሉ።

ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ሪሜኩን ከልባቸው እንደወደዱት ያስታውቃል። እኔም እወደዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። የማልስማማው «ተክቶታል» በሚለው ነው። ሪሜኩ አሮጌውን አልተካውም። እንዲያውም አሮጌውን የማያውቅ ሰው ከሪሜኩ የሚያየው ግማሹን ነው። ወደዚህ ቀስ እያልኩ እደርሳለሁ።

ከምስሉ ልጀምር። እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። የታጋዮቹ መሪ የባሬት እጅ ጡብ ይመስላል። ዋናው ጀግና ክላውድ ሲሄድ ከካርቶን የተሠራ አሻንጉሊት ነው። በ1997 አፍ ያስከፈተ ነገር ዛሬ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሲታይ እንግዳ ነው። ልክ ነው።

ግን ጸሐፊው ያዩት ገጸ ባሕርያቱን ብቻ ነው። ከኋላቸው ያለውን አላዩትም። የአሮጌው ጌም ቦታዎች አንድ በአንድ የተሳሉ ሥዕሎች ናቸው። ካሜራው አይዞርም። ሠሪዎቹ እያንዳንዱን ቦታ ከየት ብታዩት እንደሚሻል አስበው ነው ያቆሙት። አንዳንዴ ክላውድ ከግዙፍ ቱቦዎች ሥር ጉንዳን አክሎ ይታያል። አንዳንዴ ከላይ ከብረት ጣሪያው ቁልቁል ታዩታላችሁ። ከተማዋ ሰውን እንዴት እንደምትጫን ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል።

መክፈቻውንም ተመልከቱ። ከዋክብት ይታያሉ፣ ከዚያ የአበባ ሻጯ የኤሪዝ ፊት። ካሜራው ወደ ኋላ እየራቀ ይሄድና ከተማዋ ሚድጋር በሙሉ ትዘረጋለች። ከዚያ ተመልሶ ወደ አንድ ባቡር ይወርዳል፣ ክላውድም ከባቡሩ ይዘላል። ሪሜኩ ከፊቱ ሌላ ነገር ጨመረ እንጂ ይህን ቀረጻ አልነካውም። ከኤሪዝ ወደ ከተማዋ፣ ከከተማዋ ወደ ባቡሩ፤ ያው ነው። 23 ዓመት ቆይተው፣ ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ በእጃቸው እያለ፣ ሠሪዎቹ ከዚያ የተሻለ መግቢያ አልፈለጉም።

ሌላም አለ። አዲስ ምስልም ያረጃል። ሪሜኩ በፕሌይስቴሽን 4 ሲወጣ ሰባተኛው ክፍል መንደር ውስጥ ያለው የክላውድ ክፍል በር በጣም ደብዝዞ ይታይ ነበር። ሰው ሁሉ ያንን በር ፎቶ እያነሳ ተቀባበለው። የተስተካከለው በ2021 ለፕሌይስቴሽን 5 በወጣው ቅጂ ነው። አንድ ደብዛዛ በር ሪሜኩን አያስጥለውም። የጡብ እጅም አሮጌውን ሊያስጥለው አይገባም።

ሁለተኛው ውጊያው ነው። ጸሐፊው «ተራ መጠበቅ» ሲሉ ጌሙን ብዙም ሳይገፉበት እንዳቆሙት ገመትኩ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። አሮጌው ፋይናል ፋንታሲ 7 እንደ ዳማ አንዱ ነክቶ ሌላው እስኪነካ የሚቆምበት ጌም አይደለም። የሰዓት መለኪያ አለው። የእያንዳንዱ ተዋጊ መለኪያ በራሱ ፍጥነት ይሞላል። ሲሞላ ታዛላችሁ። ምን እንደምታዙ ስታስቡ ጠላት ቆሞ አይጠብቃችሁም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «አክቲቭ» የሚለውን ከመረጣችሁ ሜኑ ከፍታችሁ መድኃኒት ስትፈልጉ ጭምር ትመታላችሁ። ይህን አሠራር የነደፈው ሂሮዩኪ ኢቶ ነው፤ መጀመሪያ የገባው በ1991 በወጣው ፋይናል ፋንታሲ 4 ላይ ነው። የተሠራበትም ምክንያት ተራ መጠበቅ እንዲቀር ነው።

አሁን ሪሜኩን ክፈቱ። በካሬዋ ቁልፍ ትመታላችሁ፣ ትሸሻላችሁ፣ ትከላከላላችሁ። ጥሩ። ግን አስማት ለመጠቀም ምን ያስፈልጋል? ያው መለኪያ መሙላት አለበት። መድኃኒት ለመስጠትም ያው መለኪያ። ትእዛዝ ስትመርጡ ደግሞ ዓለሙ ሊቆም ምንም እስኪቀረው ድረስ ይዘገያል። ይህ ከአሮጌው የተወሰደ ልብ ነው፤ የተቀየረው አካሉ ነው። «ክላሲክ» የሚባለውን አጨዋወት ከመረጣችሁማ ተዋጊዎቹ በራሳቸው ይመታሉ፣ የእናንተ ሥራ ማዘዝ ብቻ ይሆናል። ጸሐፊው የናቁትን ነገር ሠሪዎቹ ራሳቸው ክብር ሰጥተው አስቀምጠውታል።

ማቴሪያን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ማቴሪያ በመሣሪያችሁ ላይ የምትሰኳት ባለ ቀለም ድንጋይ ናት። አስማት፣ ጥሪ፣ ችሎታ ሁሉ ከእሷ ይመጣል። ሁለት የተያያዙ ቀዳዳዎች ካሏችሁ ሁለት ድንጋይ አጣምራችሁ አዲስ ነገር ትፈጥራላችሁ። ፈውስን «ሁሉም» ከሚለው ጋር ስታጣምሩ መላው ቡድን ይፈወሳል። በአሮጌው ጌም ማቴሪያ ከእናንተ ጋር ታድጋለች። እድገቷን ስትጨርስ ደግሞ ሌላ አዲስ ትወልዳለች። ይቺ «መውለድ» የምትባል ነገር ጌም ቤታችንን ስንት ሳምንት እንዳነጋገረችው አልረሳም። ሪሜኩ ውስጥ መውለድ የለም። አስማትን ለሁሉም የምታዳርሰው ድንጋይም በአንድ ዙር የምትገኘው አንዲት ብቻ ናት። የሪሜኩ ውጊያ ፈጣን ነው፣ ያምራል፤ ይህን አምናለሁ። ቦስ (ትልቁ ጠላት) ሚዛኑን ስቶ ሲንገዳገድና ሦስታችሁም ስትረባረቡበት ያለው ደስታ አሮጌው ውስጥ የለም። ጓዳ ገብቶ የማጣመሩ ነፃነት ግን የአሮጌው ይበልጣል። ሁለት የተለያዩ ደስታዎች ናቸው።

ድንገት ስለሚመጡት ጠላቶች ጸሐፊው እውነት አላቸው። አምስት እርምጃ ሄዶ ውጊያ፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ ሌላ ውጊያ፤ ይሰለቻል። በአዲሶቹ ቅጂዎች ግን ማጥፋት ይቻላል። በ2015 ለፕሌይስቴሽን 4፣ በ2019 ለኒንቴንዶ ስዊች በወጡት ላይ ጌሙን ሦስት እጥፍ ማፍጠንም ይቻላል። በአንጻሩ ሪሜኩ ውስጥ በጠባብ ስንጥቅ በጎን እየተሽሎኮለኩ ማለፉን፣ የጠፉ ድመቶች ፍለጋውን፣ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ የፀሐይ መብራቶቹን አንድ በአንድ ለማጥፋት የሚኬደውን መንገድ ማፍጠን አይቻልም። ጸሐፊው ስለ እነዚህ አንድ መስመር አልጻፉም።

ወደ ቋንቋው ልምጣ። ይሄኛው የራሴን ሕይወት ስለሚነካ ትንሽ ልቆይበት።

እኔ ይህን ጌም ያወቅሁት ፍራንኮ አካባቢ ከነበረ ጌም ቤት ነው። ያኔ ከተማዋን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ጌም ቤቱ ውስጥ አራት ቴሌቪዥን ነበር። ሦስቱ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። አራተኛው ጥግ ላይ ነው፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ እሱን የሚፈልገው ስለሌለ ለእኛ ይለቀቅልናል። በሰዓት እየከፈልን፣ ከኋላችን «ጎል!» እየተባለ፣ አራት ልጆች ሆነን እናነብ ነበር። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚሻለው አንዱ ነው። እሱ ጮክ ብሎ እያነበበ ይተረጉምልናል። ባሬት «ፕላኔቷ እየሞተች ነው» ሲል እሱም ድምፁን አጎርንኖ «ፕላኔቷ እየሞተች ነው!» ይላል። የማያውቃትን ቃል ደብተር ላይ ጽፎ ቤት ወስዶ ይፈልጋታል። በማግስቱ ትርጉሟን ይዞልን ይመጣል።

ይህ ሊሆን የቻለው ጽሑፍ ስለሆነ ነው። የአሮጌው ጌም ጽሑፍ ቁልፍ እስክትጫኑ ድረስ ይጠብቃችኋል። አይቸኩልም። ንግግር ግን ይፈስሳል፤ ሪሜኩም ከሥር ጽሑፍ ቢኖረው ገጸ ባሕርያቱ በውጊያ መካከል እየሮጡ ያወራሉ፣ ጽሑፉም አብሯቸው ያልፋል። እንግሊዝኛው ላልጠነከረ ልጅ የትኛው ይከብዳል? እኔ በእውነት የሚጠብቀው ይሻላል እላለሁ። የ1997ቱ የእንግሊዝኛ ትርጉም ስህተት እንዳለበት ግን አልክድም። አምስተኛው ክፍል መንደር ውስጥ ስለ አንድ የታመመ ሰው ኤሪዝ የምትናገራት ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ስህተቷ በዓለም ሁሉ የታወቀች ናት። በእኛ ቋንቋ «ይሄ ሰውዬ ታመዋል» እንደማለት ነው። ሪሜኩ በዚህ በኩል የጸዳ ነው። ድምፆቹም ግሩም ናቸው። ባሬት ሲስቅ ስትሰሙ ትወዱታላችሁ።

አሁን ትልቁ ነጥብ። «ሪሜኩ ታሪኩን ሙሉ አድርጎ ይነግራል» የሚለው።

ይህ ስህተት ነው፤ በአስተያየት ልዩነት የሚታለፍም አይደለም። የ2020ው ሪሜክ የያዘው ሚድጋርን ብቻ ነው። ሚድጋር በአሮጌው ጌም የመጀመሪያው ሲዲ ግማሽ እንኳ አትሞላም፤ ጌሙ ደግሞ ሦስት ሲዲ ነው። ሠሪዎቹ ታሪኩን በሦስት ትልልቅ ጌሞች ለመጨረስ ነው ያቀዱት። ሁለተኛው የካቲት 2024 ላይ ወጥቷል። ይህን እስከምጽፍ ድረስ ሦስተኛው አልወጣም። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያገኝ ሰው የሚያገኘው ከአሮጌው ነው።

«አስፍቶ» የሚለው ግን እውነት አለው። በአሮጌው ጌም የመጀመሪያው የማኮ ሪአክተር (የከተማዋ መብራት ማመንጫ) ከፈነዳ በኋላ ትሸሻላችሁ፣ ወደ ባቡሩ ትሄዳላችሁ፣ አለቀ። በሪሜኩ በፈረሰው ሰፈር መካከል እንድትሄዱ ትገደዳላችሁ። የቆሰለ ሰው አለ፣ ቤተሰቡን የሚጣራ አለ። ከባሬት ቡድን አንዷ የሆነችው ጄሲም እዚህ ስም ብቻ አይደለችም፤ ቤት አላት፣ እናት አላት፣ የታመመ አባት አላት። ይህ ትልቅ ጭማሪ ነው። ጸሐፊው ይህን በማድነቃቸው ከጎናቸው ነኝ።

ነገር ግን እዚያው ቦታ ላይ ሪሜኩ አንድ ነገር ወስዷል። በአሮጌው ጌም ሪአክተሩን ያፈነዱት እነ ባሬት ናቸው። ሰው ሞቷል፤ የሞተውም በእነሱ ቦምብ ነው። በኋላ ከቡድኑ አንዱ ይህንኑ አንስቶ ባሬትን ፊት ለፊት ይሞግተዋል፣ ባሬትም የሚመልሰው ያጣል። በሪሜኩ ግን የእነ ጄሲ ቦምብ ትንሽ ነው። ፍንዳታውን ያገነነው ከተማዋን የሚገዛው ኩባንያ፣ ራሱ ሺንራ ነው፤ ሮቦቶቹን ልኮ ሪአክተሩን አስመታ። ጥፋቱ ከጀግኖቹ ትከሻ ወርዶ ወደ ክፉው ኩባንያ ሄደ። ታሪኩ ሰፍቷል፣ ክብደቱ ግን ቀንሷል።

ይህ ነገር እኔን የሚነካኝ አዳማ ስለምኖር ነው። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የነፋስ ተርባይኖቹ ኮረብታው ላይ ተደርድረው ይታያሉ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 51 ሜጋዋት ነው፣ ሁለተኛው 153። ቆቃ ግድብም ሩቅ አይደለም። መብራት ከየት እንደሚመጣ በዓይናችን እያየን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሲሄድም እናውቀዋለን። ሚድጋር ደግሞ መብራቷን የምታገኘው ከፕላኔቷ ሕይወት እየመጠጠች ነው፣ ነዋሪዎቿም መብራቱን ይወዱታል። እነ ባሬት መብራቱን ሲያጠፉ ሰው ይገድላሉ። ልጅ ሆኜ ያ ጥግ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ማን ልክ እንደሆነ መወሰን አልቻልኩም ነበር። አራታችንም ተጨቃጭቀን ሳንስማማ ወደ ቤት የሄድንበት ቀን አለ። በሪሜኩ ያ ጭቅጭቅ ቀሏል። ጥፋተኛው ሺንራ ነው፤ አለቀ።

ዋናውን ጠላት ሴፊሮዝንም ውሰዱ። በአሮጌው ጌም ሚድጋር ውስጥ ሳላችሁ ፊቱን አታዩትም። ስሙን ትሰማላችሁ። ከዚያ ሺንራ ሕንፃ ውስጥ ታስራችሁ ሌሊት ትነቃላችሁ። የክፍሉ በር ተከፍቷል። ጠባቂው ሞቷል። ወለሉ ላይ የደም መስመር አለ። ማንም ሂዱ አይላችሁም፣ ደሙን ተከትላችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። መጨረሻው ላይ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፤ ጀርባው ላይ ረጅም ሰይፍ ተሰክቷል። ሰይፉን ታያላችሁ፣ ባለቤቱን አታዩም። ከከተማዋ ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ ረግረጉ ላይ አንድ ግዙፍ እባብ አለ። በዚያ አቅማችሁ ልትገጥሙት አትችሉም፤ ቾኮቦ የሚባል ትልቅ ወፍ ጋልባችሁ ነው የምታመልጡት። ወዲያ ማዶ ስትደርሱ ያንኑ የመሰለ እባብ ዛፍ ላይ ተሰክቶ ተሰቅሏል። ማን እንዳደረገው የሚነግራችሁ አያስፈልግም። ጌም ቤቱ ውስጥ ያን ዛፍ ስናይ ከአራታችን አንዳችንም አልተነፈስንም። ከኋላችን ጎል ገብቶ ሲጮሁ እንኳ አልሰማንም።

ሪሜኩ ውስጥ ሴፊሮዝ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ፊት ለፊት ይመጣል። ያወራል፣ ይመላለሳል። የመጨረሻውም ውጊያ ከእሱ ጋር ነው። ያማረ ውጊያ ነው። ግን ያ ከሩቅ የሚመጣ ፍርሃት የለም። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ባለማወቅ አይደለም። ሴፊሮዝን የማያውቅ ተጫዋች እንደሌለ ቆጥረው ነው። ሪሜኩ የሚያወራው አሮጌውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ እነዚያ ጥቁር ግራጫ መናፍስት ናቸው። በአሮጌው ጌም የሉም። ሪሜኩ ውስጥ ታሪኩ ከድሮው መንገድ ሊወጣ ሲል ብቅ ይላሉ። ክላውድ ወደ ሁለተኛው ዘመቻ የማይሄድ መሰለ፤ መናፍስቱ መጥተው ጄሲን እግሯን ጎዷት፣ ክላውድ በእሷ ቦታ ሄደ። ድሮ የሞተ ሊተርፍ ሲል፣ ድሮ የተረፈ ሊሞት ሲል ይመጣሉ። የአሮጌው ጌም ጠባቂዎች ናቸው። አሮጌውን ያልተጫወተ ሰው የሚጠብቁት ነገር ምን እንደሆነ በምን ያውቃል? ለእሱ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ጭራቆች ናቸው። ጸሐፊው ራሳቸው «መጨረሻው ግራ ያጋባል» ብለው ጽፈዋል። ግራ የተጋቡት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ልጅነታችንን ነው የምንወደው ወደሚለው ልሂድ። በእኔ በኩል በከፊል እውነት ነው። ያን ጥግና ያን አረንጓዴ ቴሌቪዥን እወዳቸዋለሁ። ሚሞሪ ካርዱ የጌም ቤቱ ነበር፣ አሥራ አምስት ብሎክ ብቻ ይይዛል፣ የኳስ ጌሞቹም ይሻሙበታል። አንድ ቀን የሁለት ወር ሴቫችንን አንድ ልጅ አጥፍቶብን እንደ አዲስ ጀምረናል። መብራት ሄዶብን ሴቭ ያላደረግነው ሁሉ ጠፍቶ ያውቃል። ይህን ሁሉ ሳስታውስ ልቤ ይሞቃል።

ግን ይህ የእኔ ነው። የእህቴ ልጅ የለበትም። እሱ አሮጌውን የተጫወተው ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በስልኩ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው። ስለ 1997 የሚያስታውሰው ነገር የለም። መጀመሪያ ላይ ምስሉን አይቶ ፊቱን አጨማደደ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሲጠራ አይሰማም ነበር።

(የመጀመሪያውን ሲዲ መጨረሻ የማያውቅ ካለ ይህን አንቀጽ ይዝለለው።) አንድ ምሽት ኤሪዝ የምትሞትበት ቦታ ደረሰ። ከቡድኑ ለዘላለም ትወጣለች። ያሳደጋችሁት ጉልበቷ፣ የለመደችው ሁሉ አብሯት ይሄዳል። በቀጣዩ ውጊያ በቦታዋ ሌላ ሰው ማቆም አለባችሁ። ልጁ ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። ተከትዬው ወጣሁ። «ትመለሳለች አይደል?» አለኝ። አልመለስኩለትም። እኔም በእሱ ዕድሜ ያንኑ ጥያቄ ጠይቄ ማንም አልመለሰልኝም ነበር። ይህን በልጅነት ትዝታ ማን ሊያስረዳ ይችላል? ጡብ እጅ ያላቸው፣ ድምፅ የሌላቸው ትንንሽ ምስሎች ናቸው ያስለቀሱት።

የመጨረሻው የማግኘት ጉዳይ ነው። ፕሌይስቴሽን በየሰፈሩ አለ፣ እውነት ነው። ከአንዳንዶቹ በር ላይ ወረፋ አለ፣ ስክሪኑም በኳስ የተያዘ ነው። አርባ ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ በሰዓት እየከፈሉ ለመጨረስ ኪስ ይጠይቃል። ቤቱ ገዝቶ የሚያስገባ ሰውም ሪሜኩ ወደ 100 ጊጋባይት የሚጠጋ ቦታና ዳታ እንደሚወስድበት ያስብ። አሮጌው ሦስት ሲዲ ነበር፣ አንድ ሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋባይት ያህል ነው። ከ2015 እና ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በስልክ አለ። መብራት ሲሄድ ስልክ በባትሪው ይቀጥላል። አዳማ ላለ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በስልክ መቆጣጠሩ እንደሚያስቸግር ግን ልንገራችሁ፤ ጣት ስክሪኑን ይሸፍናል፣ የሞተር ሳይክሉ ክፍል በተለይ ያናድዳል። ትንሽ የብሉቱዝ ጆይስቲክ ያለው ሰው ይጠቀም።

የእህቴ ልጅ አሮጌውን ከጨረሰ በኋላ አንድ ጓደኛው ቤት ሪሜኩን ጀመረ። በሁለተኛው ቀን ማታ ደወለልኝ። ክላውድ መንገድ ላይ አበባ የምትሸጠዋን ኤሪዝን ያገኘበት ቦታ ነው፤ መናፍስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከቧት እዚያ ነው። ጌሙን አቁሞት ነው የሚያወራኝ። ከኋላው ጓደኛው «ምንድን ናቸው? ለምን ቆምክ?» ይለዋል።

«ጋሼ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እነዚህ እዚያኛው ላይ አልነበሩም። አንድ ነገር ሊቀየር ነው።»